ሄሌኒየምን ከዘር ማብቀል፦ ዘራሁ ብዬ ከቀበርኩት የተማርኩት

የመጀመሪያውን የሄሌኒየም አበባ ዘሬን ዘራሁ ብዬ ቀበርኩት። እጄ ባቄላና ሱፍ መዝራት ስለለመደ፣ ዘር በያዘ ቁጥር አፈር መማስ ይቀናዋል። ስለዚህ ያችን ከቁንጫ የማትበልጥ ቡናማ ዘር የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ጥልቀት ሰጥቼ፣ አፈር አልብሼ፣ በመዳፌ ጠቅጥቄና ውሃ አጠጥቼ አንድ ወር ሙሉ ጠበቅሁ። ከአረም በስተቀር ብቅ ያለ ነገር አልነበረም። ዘሩ የከረመና የሞተ ነው ብዬ ፈረድኩበት። ፍርዴ የተሳሳተ መሆኑን ያወቅሁት በአጋጣሚ ነው፤ ከከረጢቱ ግርጌ ተጣብቀው የቀሩትን ጥቂት ፍሬዎች እርጥብ አፈር በያዘ አንድ የአበባ መትከያ ላይ እንዲሁ አራግፌያቸው ነበርና፣ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ አረንጓዴ ነጥቦች በአፈሩ ላይ ታዩ። አፈር ያለበሳቸውም ሆነ የጠቀጠቃቸው አልነበረም።

የሄሌኒየም ዘር ለመብቀል ብርሃን ይፈልጋል። እንዲህ ያለ ደቃቅ ዘር በውስጡ የያዘው ስንቅ ጥቂት ስለሆነ ከጥልቅ አፈር ውስጥ ወደ ላይ የሚያደርሰው ጉልበት የለውም፤ በመሆኑም ብርሃን እስኪነካው ድረስ ሳይነቃ ይቆያል። ባቄላ ግን በሁለት ወፍራም ክክ ውስጥ ብዙ ስንቅ ስለያዘ መቀበሩ አይጎዳውም። ይህን አንድ ነገር ብቻ ይዞ የሚሄድ አንባቢ እኔ ያባከንኩትን አንድ ዓመት ይቆጥባል። የቀረውን የምጽፈው ከዚያ በኋላም ያልተሳሳትኩበት ጊዜ ጥቂት ስለሆነ ነው።

ተክሉን ለማያውቁት በአጭሩ ልግለጸው። ሄሌኒየም የሱፍና የአደይ አበባ ቤተሰብ ሲሆን፣ 40 ያህል ዝርያዎች አሉት፤ የሁሉም አገራቸው የአሜሪካ ምድር ነው። በአትክልት ስፍራ በይበልጥ የሚታወቀው ሄሌኒየም አውተምናሌ በሰሜን አሜሪካ በረግረግ ሜዳዎች፣ በወንዝ ዳርና ውሃ በሚተኛበት መስክ ላይ በራሱ የሚበቅል፣ ሥሩ ከዓመት ዓመት የሚኖርና ቁመቱ አንድ ሜትር ተኩል ሊደርስ የሚችል ተክል ነው። አበባው እንደ ሱፍ ዝርግ አይደለም፤ መሃሉ ትንሽ ኳስ መስሎ ወደ ላይ ይነሣል፣ ዙሪያውን ያሉት የአበባ ቅጠሎች ደግሞ እንደ ቀሚስ ወደ ታች ይረግባሉ። አንዱን የአበባ ቅጠል ቆርጦ በቅርብ ያየ ሰው ጫፉ በመቀስ የተበጠሰ ይመስል ሦስት ጥርስ ያለው ሆኖ ያገኘዋል። ግንዱን በሁለት ጣት መካከል ይዘው ቁልቁል ቢዳስሱት ከእያንዳንዱ ቅጠል ሥር ተነሥቶ የሚወርድ ስስ ክንፍ ይሰማዎታል። ገና ያላበበ ተክል ሄሌኒየም መሆን አለመሆኑን የምለየው በዚህ ክንፍ ነው። የሚያብበውም ዘግይቶ፣ የሙቀቱ ወራት ሊያልቁ ሲሉና ብዙዎቹ አበቦች ሲደክሙ በመሆኑ፣ ንቦች በዚያ ጊዜ የሚሰፍሩበት ዋና ቦታ ይሆናል።

ሕዝባዊ ስሙ ግን ብዙ ሰው ያስፈራዋል። በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዘንድ «የማስነጠሻ አረም» የሚል ትርጉም ባለው ስም ስለሚጠራ፣ አበባው አለርጂ ይቀሰቅሳል ብለው የሚሸሹት አሉ። የዚህ ተክል ብናኝ ከባድና የሚጣበቅ ሆኖ የሚጓጓዘው በነፍሳት እግር እንጂ በነፋስ ስላልሆነ፣ ከአጠገቡ የቆመ ሰው ስለ ቆመ ብቻ አያስነጥሰውም። ስሙ የመጣው ቀድሞ ሰዎች የደረቀውን አበባና ቅጠል ፈጭተው፣ እንደ ሱረት በአፍንጫቸው እየሳቡ ሆን ብለው ያስነጥሱበት ስለነበር ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ደግሞ ከትሮይዋ ሄለን ጋር በአፈ ታሪክ ይያያዛል፤ እንባዋ በወደቀበት በቀለ ይባላል። ይሁንና ያ ታሪክ በመጀመሪያ የተነገረው ስለ ሌላ የአውሮፓና የእስያ ተክል ነው፤ ለዕፅዋት ሳይንሳዊ ስም ያወጣው ስዊድናዊው ሊቅ ሊኒየስ ስሙን ወስዶ ለአሜሪካው ተክል ሰጠው እንጂ ሄለን ይህን አበባ ልታየው የምትችልበት መንገድ አልነበረም።

ወደ ዘሩ ልመለስ። ከመዝራት በፊት የያዙት ዘር ምን ዓይነት እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሳያውቅ ይታለላል። እንደ «ሞርሃይም ቢዩቲ» ያሉት ስመ ጥር ቀይና ነሐስማ ዓይነቶች የሚራቡት ሥራቸው እየተከፈለ ነው፤ ከእነርሱ የተለቀመ ዘር እናቱን አይመስልም። እኔ ከአንድ ጥቁር ቀይ አበባ በጥንቃቄ ለቅሜ ያበቀልኳቸው ችግኞች አብዛኞቹ ቢጫ፣ ጥቂቶቹ ደግሞ ቢጫና ቀይ የተረጨባቸው ሆነው ወጡ። አስቀያሚ ናቸው ማለቴ አይደለም፤ እንዲያውም አንዱ ዛሬም ከሁሉ አስበልጬ የምወደው ነው። የተወሰነ ቀለም የሚፈልግ ሰው ግን ከዘር እንዲራቡ ተብለው የተዳቀሉትን፣ ለምሳሌ «ሄሌና» በሚል ስም የሚሸጡትን ቢጫና ቀይ ዓይነቶች፣ አለዚያም የዱሩን ቢጫ ሄሌኒየም አውተምናሌ ይዝራ።

የዱሩ ዝርያ ዘር ቅዝቃዜን ካላለፈ ወጥ ሆኖ አይበቅልም። በተፈጥሮ አካባቢው ዘሩ ከረገፈ በኋላ የቅዝቃዜውን ወራት በእርጥብ መሬት ላይ ስለሚያሳልፍ፣ ያንን ጊዜ በቤት ውስጥ መስጠት ይቻላል። የማደርገው ቀላል ነው፤ ዘሩን አንድ ማንኪያ ከሚሆን እርጥብ አሸዋ ጋር ቀላቅዬ፣ በትንሽ ላስቲክ ከረጢት አስሬ፣ ቀኑን ጽፌበት ፍሪጅ ውስጥ ከ4 እስከ 6 ሳምንት አቆየዋለሁ። ማቀዝቀዣው ወደ 4 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ቢሆን በቂ ነው፤ በረዶ የሚሠራው ክፍል ውስጥ ግን አይገባም። አሸዋው ሲጨበጥ ውሃ የሚያንጠባጥብ ከሆነ እርጥበቱ በዝቷልና ዘሩ ይሻግታል። አንድ ጊዜ ከአንድ ከረጢት የወጣውን ዘር ግማሹን አቀዝቅዤ ግማሹን ሳላቀዘቅዝ ጎን ለጎን ዘራሁት። የቀዘቀዘው በአንድ ሳምንት ልዩነት ውስጥ ተከታትሎ ሲወጣ፣ ያልቀዘቀዘው ዛሬ አንድ፣ ከአሥር ቀን በኋላ ሁለት እያለ ትዕግሥቴን ጨረሰው። ለአትክልት ስፍራ የተዳቀሉት ግን ያለ ቅዝቃዜም ስለሚበቅሉ በእነርሱ ላይ ይህን ድካም አልደክምም።

የመዝሪያ ጊዜው ከወር ስም ይልቅ በውርጭ ቢቆጠር ይሻላል። የመጨረሻው ውርጭ ያልፋል ተብሎ ከሚጠበቅበት ከ8 እስከ 10 ሳምንት ቀደም ብሎ በቤት ውስጥ የተዘራ ሄሌኒየም በዚያው ዓመት የማበብ ዕድል አለው። ዘግይቶ የተዘራው የመጀመሪያውን ዓመት ቅጠል ሲያበጅ አሳልፎ በሁለተኛው ያብባል፤ ይህ የተክሉ ጠባይ እንጂ የአትክልተኛው ጥፋት አይደለም።

አፈሩ ልል፣ በወንፊት የተነፋና አዲስ መሆን አለበት። እኔ የበሰለ ኮምፖስትና አሸዋ ሁለት እጅ ለአንድ እጅ ቀላቅዬ ዝርግ ትሪ ላይ እሞላና፣ ገጹን በጠፍጣፋ እንጨት ቀስ ብዬ አስተካክለዋለሁ። ከዚያ ከመዝራቴ በፊት ውሃ አጠጣዋለሁ፤ ቅደም ተከተሉ አስፈላጊ ነው፣ ምክንያቱም ከተዘራ በኋላ ከላይ የሚወርድ ውሃ ደቃቁን ዘር ወይ ወደ ትሪው ጥግ ጠርጎ ያከማቸዋል ወይ ጭቃ ውስጥ ያሰምጠዋል። ዘሩን በጣት ቆንጥሮ መበተን እኔን አልተሳካልኝም፣ አንዱ ጋ ሃያ፣ ሌላው ጋ ባዶ እየሆነብኝ። ስለዚህ ዘሩን በነጭ ወረቀት ላይ አፍስሼ፣ የስንጥር ጫፍ ምላሴ ላይ እነካና አንድ ዘር ላይ አሳርፈዋለሁ። ዘሩ ተጣብቆ ይነሣል፣ እርጥቡን አፈር ሲነካ ደግሞ ስንጥሩን ለቅቆ እዚያው ይቀራል። በዚህ ዓይነት በሁለት ጣት ርቀት እያራራቅሁ አንድ ትሪ ለመጨረስ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጅብኛል። የፍሪጁን ዘር ግን ከነአሸዋው መበተን ነው፣ አሸዋው ራሱ ያራርቀዋል። በመጨረሻ ዘሩ ከአፈሩ ጋር እንዲነካካ በመዳፌ ጀርባ ቀለል አድርጌ እጫነዋለሁ። ከላዩ አፈር አልጨምርበትም። በጣም የደረቀ ክፍል ውስጥ ከሆነ ብቻ ብርሃን የሚያሳልፍ አንድ ንብርብር ቬርሚኩላይት (እርጥበት የሚይዝ ቀላል የማዕድን ቅንጣት) ነስነስ አደርግበታለሁ።

ትሪውን በሚያሳይ ላስቲክ ሸፍኖ ብርሃን በሚገባበት፣ የፀሐይ ጨረር ግን በቀጥታ በማያርፍበት ቦታ ማስቀመጥ ይገባል፤ በላስቲክ ሥር ያለ እርጥብ አፈር ፀሐይ ካገኘው ዘሩን ይቀቅለዋል። ሙቀቱ ወደ 20 ዲግሪ ሲሆን ከ10 እስከ 20 ቀን ባለው ጊዜ መብቀል ይጀምራል። የመጀመሪያዎቹ ቡቃያዎች ሲታዩ ሽፋኑን ለማንሣት መጣደፍ ያስፈልጋል። በሁለተኛው ዓመቴ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። ያማረ ትሪ ነበረኝ፤ ሞቆትና ረጥቦት ቶሎ ያድጋል ብዬ ሽፋኑን ለተጨማሪ አንድ ሳምንት ተውኩት፣ በየማለዳውም ከላይ ውሃ እረጨው ነበር። አንድ ጠዋት ከትሪው አንድ ጥግ ያሉት ችግኞች አንገታቸው ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ክር መስለው ቀጥነው ወድቀው አገኘኋቸው። ቅጠላቸው ገና አረንጓዴ ስለነበር ውሃ የጠማቸው መስሎኝ ጨመርኩላቸው። በማግስቱ ግማሹ ትሪ ተኛ። ይህ በአፈር ውስጥ የሚኖር፣ እርጥበትና የታፈነ አየር የሚያፋፋው የሻጋታ በሽታ ነው፤ አንዴ የወደቀውን ችግኝ የሚያነሣ ነገር የለም፣ ያልተነካውን ለማትረፍ ግን የታመመውን ከነአፈሩ በማንኪያ አውጥቶ መጣል፣ ሽፋኑን ማንሣትና ውሃውን መቀነስ ይረዳል። ከዚያ ወዲህ ትሪውን ከሥሩ ውሃ በያዘ ሰፋ ያለ ዕቃ ውስጥ ለሃያ ደቂቃ አስቀምጬ አፈሩ ከታች እየሳበ እንዲጠጣ አደርጋለሁ፤ ገጹ ጠቆር ሲል አወጣዋለሁ። በሽታው አልተመለሰብኝም።

ችግኞቹ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ክብ ቅጠሎች ቀጥሎ ሁለተኛውን ጥንድ ቅጠል ሲያወጡ እያንዳንዳቸውን ወደየራሳቸው መትከያ አዛውራለሁ። የሚያዘው ቅጠሉ ነው እንጂ ግንዱ አይደለም፤ የተቀደደ ቅጠል ይተካል፣ የተጨፈለቀ ግንድ ግን የችግኙ መጨረሻ ነው። ውርጩ ካለፈ በኋላ ከቤት ወደ ደጅ በአንድ ቀን አላወጣቸውም፤ መጀመሪያ ጥቂት ሰዓት በጥላ፣ ከዚያ ከፊል ፀሐይ እያልኩ አንድ ሳምንት ያህል አለማምዳቸዋለሁ።

ቋሚ ቦታቸው ቢያንስ 6 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ የሚያገኝና አፈሩ እርጥበት የሚይዝ መሆን አለበት። ጥላ ያገኘው ሄሌኒየም ብርሃን ፍለጋ ይቀጥንና ይጋደማል። በአንዱና በሌላው መካከል ከ45 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር እተዋለሁ፤ ሲተከል ብዙ ባዶ ቦታ የቀረ ይመስላል፣ በሁለተኛው ዓመት ግን ክፍተቱ አይታይም። ተጠጋግቶ የተተከለ ነፋስ ስለማያገኝ ቅጠሉ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ሻጋታ ይወጣበታል። በጉድጓዱ ውስጥ የበሰለ ኮምፖስት እጨምራለሁ እንጂ ጠንካራ ማዳበሪያ አልሰጥም፤ ምግብ የበዛበት ተክል ቅጠልና ቁመት ያበዛና በመጀመሪያው ዝናብ ይወድቃል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዋናው ጠላት ቀንድ አውጣና ዛጎል የሌለው ዘመዱ ናቸው፤ ሌሊት መብራት ይዞ መልቀም ደስ የሚል ሥራ ባይሆንም እኔ ከሞከርኩት ሁሉ የተሻለው እርሱ ነው።

ስለ ውሃ የምለው ረዘም ይላል፤ ምክንያቱም ሄሌኒየም ድርቀትን አይችልም። ተክሉ የረግረግ ዳር ልጅ መሆኑን ቀደም ብዬ ያነሣሁት ለዚህ ነው። ድርቅ ይችላሉ ከሚባሉ አበቦች ጋር በአንድ መደብ ላይ ተክዬው፣ ለእነርሱ የበቃው ውሃ ለእርሱ ሳይበቃ ቀርቶ፣ የታችኞቹ ቅጠሎች ከሥር ወደ ላይ እየነደዱ ደርቀው ግንዱ እስከ ግማሹ ራቁቱን ሲቆም አይቻለሁ። የደረቀው ቅጠል በኋላ ውሃ ቢያገኝም አይመለስም፤ አበባው ያብባል፣ ነገር ግን በባዶ እንጨት ጫፍ ላይ። አሁን በሳምንት ሁለት ጊዜ ሥሩ ድረስ በሚገባ አጠጣለሁ፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ማርከፍከፍ ሥሩ ላይ ላዩን እንዲቀር ስለሚያደርገው ጥቅሙ አናሳ ነው። በግንዶቹ ዙሪያ ደግሞ የአራት ጣት ውፍረት ያለው ገለባ ወይም የደረቀ ቅጠል እጎዘጉዛለሁ። ጉዝጓዙ አንገቱን እንዳይነካ አንድ ስንዝር መራቅ አለበት። በቂ ውሃ ማግኘቱን የማውቀው ጣቴን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈር ውስጥ አስገብቼ ነው፤ ደረቅ አቧራ ብቻ ይዞ ከወጣ ዘግይቻለሁ ማለት ነው።

ቁመቱ 30 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ሲደርስ የእያንዳንዱን ግንድ ጫፍ እቀነጥባለሁ። መጀመሪያ እጄ እምቢ ብሎኝ ነበር፤ በስንት ጭንቀት ያበቀሉትን ችግኝ አናቱን መቁረጥ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ሦስቱን ቀንጥቤ ሦስቱን ተውኳቸው። ያልተቀነጠቡት ረዝመው፣ ጥቂት ቀናት ቀድመው አብበው፣ በአንድ ነፋሻ ሌሊት ጎረቤቶቻቸው ላይ ተጋደሙ። የተቀነጠቡት ሁለት ሳምንት ያህል ቢዘገዩም ከእያንዳንዱ ቁራጭ ሁለት ሦስት ቅርንጫፍ አውጥተው፣ አጠር ብለው፣ ያለ ድጋፍ እንጨት ቆሙ። አበባቸውም በቁጥር በለጠ። ይህን ሥራ እንቡጥ ከመታየቱ በፊት ማጠናቀቅ ግድ ነው፤ ዘግይቶ የተቀነጠበ ግንድ የሚያጣው የዚያን ዓመት አበባ ነው።

አበባው ካለቀና ግንዱ ከደረቀ በኋላ ተክሉ የሞተ ይመስላል። ወደ አፈሩ ጎንበስ ብሎ ያየ ሰው ግን ከደረቀው ግንድ ግርጌ መሬት የተኙ ትንንሽ የቅጠል ጽጌዎች ያገኛል፤ የሚቀጥለው ዓመት ተክል እነርሱ ናቸው፣ ስለዚህ በማጽዳት ስም ከነሥራቸው እንዳይነቀሉ መጠንቀቅ ያሻል። በሦስተኛው ዓመት ገደማ የተክሉ መሃል ይራቆትና ዳር ዳሩ ብቻ ይለመልማል። ያን ጊዜ አዲሱ ቡቃያ ብቅ ሲል ሙሉውን ቆፍሮ ማውጣት፣ የዳሩን ሥር ያላቸውን ቁርጥራጮች ለይቶ መትከልና ያረጀውን መሃል መጣል ነው። የሚወዱትን ቀለም ሳይለወጥ ማብዛት የሚቻለውም በዚህ መንገድ ነው።

ከብት ወይም በግ ላላቸው አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ተክሉ ሄሌናሊን የተባለ መራራና መርዛማ ንጥረ ነገር አለው። እንስሳት በምሬቱ የተነሣ ብዙውን ጊዜ አይነኩትም፤ ሌላ ግጦሽ ያጣ እንስሳ ግን በልቶት ሊታመም፣ ሊሞትም ይችላል። በሰውም ላይ ቆዳው ስስ የሆነውን ሊያሳክከው ስለሚችል፣ ግንዱን ስቆርጥ ጓንት አደርጋለሁ።

ዘር ለመልቀም በአበባው መሃል ያለው ኳስ ሙሉ በሙሉ ቡናማ ሆኖ፣ በጣት ሲነካ መፈርፈር እስኪጀምር መጠበቅ ያስፈልጋል። በደረቅ ቀን ራሱን ብቻ ቆርጬ በወረቀት ከረጢት ሁለት ሳምንት አደርቀዋለሁ፤ ላስቲክ እርጥበት ስለሚይዝ ለዚህ አይሆንም። ከዚያ በመዳፌ እያሸሁ በወንፊት እነፋዋለሁ። የመጀመሪያውን ዓመት ይህን ያደረግሁት መስኮት በተዘጋበት ክፍል፣ ወንፊቱን ወደ ፊቴ አስጠግቼ፣ ገለባውን በትንፋሼ እፍ እያልኩ ነበር። ከወንፊቱ የተነሣው ቢጫ አቧራ አፍንጫዬ ሲደርስ ማስነጠስ ጀመርኩ፤ አሥራ አንድ ጊዜ ቆጥሬ መቁጠሩን ተውኩት። በሦስተኛው ማስነጠስ ላይ በወረቀቱ የነበረው ዘር በሙሉ ወለሉ ላይ ተበትኖ ስለነበር፣ ምሽቱን ያሳለፍኩት በጉልበቴ ተንበርክኬ፣ ምላሴ ላይ በነካሁት ስንጥር አንድ በአንድ ስለቅመው ነው። አሁን ደጅ ወጥቼ፣ አፍና አፍንጫዬን ሸፍኜ፣ ነፋሱን ከጀርባዬ አድርጌ አበጥረዋለሁ፤ ዘሩንም ቀኑንና የእናቱን ቀለም በጻፍኩበት የወረቀት ፖስታ አሽጌ፣ የማቀዝቀዣው ጊዜ እስኪደርስ ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጠዋለሁ።